ከቅሬ የቀረው ወንድሜ

በእኛ አገር የሰው በሽታ ሦስት ብቻ ነው፤ ጨጓራ፣ ታይፎይድና የሰው ዓይን። ከሦስቱ ያመለጠ ካለ ጅን ነው። ለቀልድ አይደለም የምለው። ታናሽ ወንድሜ በታመመበት ዓመት ለአራቱም ታክሟል፤ ከአንዱም አልዳነም፤ አንዱም አልነበረበትማ።

እኔ ሐይቅ ከተማ እህል ነጋዴ ነኝ። ጤፍም ማሽላም አያጣኝም፣ እንጀራዬ ግን ማሾ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የቀረውን የተማርኩት ውጫሌ ገበያ ላይ ነው፤ አስተማሪዎቼም ከላይ ጥሩ ማሾ፣ ከታች አፈር የሞላባቸው ጆንያዎች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ጆንያ ሲያቀርቡልኝ ከላይ ያለውን አላይም። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን እስከ ክርኔ እከታለሁ። ውስጡ ሞቅ ካለኝ ነቀዝ ገብቶበታል ማለት ነው። ላዩ አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ሻጩም በወላሂ ይምላል። እኔ ክንዴን አምናለሁ። «ይሄ ሰውዬ ጆንያ ይመረምራል እንጂ አይገዛም» ይሉኛል። ስም ነው፤ አልጠላሁትም።

እንዲህ ያለው መርማሪ የገዛ ወንድሙን አንድ ዓመት ሙሉ ከላይ ከላይ እያየ ኖረ። ዛሬም ሳስበው የሚያንጨረጭረኝ ይሄ ነው።

ወንድሜ ገበሬ ነው። አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ፣ በተወለድንበት መንደር፣ የአባታችንን መሬት ያርሳል። እኔ ወደ ከተማ ብገባም ከመንደሩ ቅሬ አልወጣሁም። ቅሬ ማለት የሚቀብርህ ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ይጠራል፤ ወንዱ ሞፈሩን ጥሎ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቱ ውሃና እንጨት ይዞ ሐዘን ቤት ይገባል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። ያለ በቂ ምክንያት አሁንም አሁንም የሚቀር ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቤቱ ቢቃጠል ውሃ የሚያቀብለው፣ ልጁ ቢሞት ቃሬዛ የሚሸከምለት የለም። በሕይወት እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

እኔ የዚያ ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ከቀብር በኋላ ሾላው ሥር ተቀምጠን ስም እጠራለሁ፤ «አቤት» ያላለውን «ቀረ» ብዬ እጽፋለሁ። ወንድሜን ሦስት ጊዜ «ቀረ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።

ይህ ሰው እኮ ድሮ ለቁፋሮ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንኳ ቀልድ አያልቅበትም። አንድ ጊዜ በጣም ረጅም የነበሩ ሽማግሌ መቃብር ስንቆፍር፣ መሬቱ ደግሞ ድንጋይ ሆኖ ሲያለፋን፣ «እኚህ ሰውዬ ቆመውም ጣራችንን በጭንቅላታቸው ሲመቱ ኖሩ፣ ተኝተውም አላሳረፉን» ብሎ የሟቹን ልጅ አካፋውን አስደግፎ አሳቀው። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ አገሩ ሁሉ በሸሸበት ሰሞን እንኳ፣ ጫካ ውስጥ ሆነን ያሳቀን እሱ ነበር። ኋላ ሰላም ሆኖ፣ እህሉ ገብቶ፣ ልጁ ሳዑዲ ሄዳ ሥራ ይዛ፣ ምንም ባልጎደለበት ጊዜ ነው ነገሩ የመጣው። ምንም ስላልጎደለበትም ማንም አላመነው። እኔም ጭምር።

መጀመሪያ «አናቴን ያቃጥለኛል» ብሎ ሱቄ መጣ። «አናቴ ላይ ምጣድ የተጣደ ይመስለኛል፣ አያ።» ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት። ደም ሰጠ፤ ታይፎይድ ተባለ። ክኒን ዋጠ። በወሩ ደረቴን ያፍነኛል አለ። ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ደም፤ ጨጓራ ተባለ። «በርበሬ ተው» አሉት። እሱ ደግሞ በርበሬውን ትቶ አልቆመም፤ ምግቡንም ተወ። ሱሪው በገመድ ሆነ።

አክስታችን የዓይን ነው አለች፤ በሬው ሲሸጥ ብዙ ሰው አድንቆት ነበርና። ጎረቤቱ በቀትር ሐይቅ ዳር ስለታጠበ ጅን መታው አለ። ሸሆች ተጠርተው ዱአ ተደረገ። ዱአው ጥሩ ነበር፣ ጫቱም ጥሩ ነበር፤ ወንድሜ ጥግ ይዞ በሩን ሲያይ ዋለ። ክርስቲያኗ ጎረቤታቸው ከሐይቅ እስጢፋኖስ በጄሪካን ጠበል አመጣችለት። ወሎ ነንና እሱንም ጠጣ። ዱአም ጠበልም የምንቅ ሰው አይደለሁም። የሚያናድደኝ ሁላችንም መድኃኒት ስናቀብል አንዳችንም ጥያቄ አለመጠየቃችን ነው። ሰውየው በዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ደሙን ሲሰጥ አንድ ጊዜ «ምን ይሰማሃል?» ያለው አልነበረም።

አንዲት ሰው ግን ነግራኝ ነበር። ሚስቱ። ዶሮ ልትሸጥ መጥታ ሱቄ በር ላይ ቁጭ አለች።

«አያ፣ ወንድምዎ ልክ አይደለም።»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«አህያዋን አይሳደብም።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። «ታዲያ ተውበት አድርጎ ከክፉ አፉ ተመልሶ ነዋ! ይህንንም በሽታ አልሽው?»

«ይሳቁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ያችን አህያና እናቷን ሳይሳደብ የዋለበት ቀን የለም። አሁን ማሽላው ውስጥ ገብታ ስትበላ ቆሞ ያያታል። ሱብሂ ሳይጠራ፣ ገና ሳይነጋ ይነቃል፤ ነቅቶ አይነሳም፣ ጣራ ያያል። እሸት ጠብሼ ሰጠሁት፤ ያዘው፣ ያዘው፣ ቀዘቀዘና መለሰልኝ። ልጅቱ ስትደውል ‹ደህና ነኝ› ብሎ ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል። ትናንት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ሸክም ሆንኩብሽ› አለኝ።»

ኋላ አንዲት ነርስ ከወረቀት እያነበበች የጠየቀችንን ሁሉ ይህች ፊደል ያልቆጠረች ሴት ዶሮዋን ታቅፋ በአንድ ትንፋሽ ነግራኝ ነበር። እኔስ ምን አልኳት? «ሥራ ፈቶ ነው። ሥራ አብዢበት» አልኳት። ዶሮዋን ተከራክሬ ገዛኋትና አሰናበትኳት።

ከዚያ ቀብሮቹ መጡ። በመጀመሪያው ቀረ፤ «ራሱን አሞት ነው» ተባለ። በሁለተኛውም ቀረ። ሦስተኛዋ ሟች ግን እናታችን ስትሞት ሬሳዋን ያጠቡ፣ እኛንም ከልጆቻቸው ጋር ያበሉ ጎረቤታችን ነበሩ። እሳቸውም ሲቀበሩ ቀረ። ስሙን ስጠራ ሾላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እኔ እስክሪብቶዬን ጫን አድርጌ «ቀረ» ብዬ ጻፍኩ። «ለወንድሙም አያዳላ» ሲሉ ሰማሁ። አንገቴን ቀና አደረግሁ። እንዲህ ነው የምኮራው እኔ፣ አላህ ይይልኝ።

የቅሬው ዳኛ፣ ነገር የማይደግሙ ሽማግሌ፣ በትራቸውን መሬት ላይ አስደግፈው ተናገሩ፦

«ጸሐፊ፣ ወንድምህ ጤነኛ ሆኖ ናቀን። አንዲት ቀብር እንጠብቀዋለን። ካልመጣ እናወጣዋለን።»

በዚያው ቁጣ ቤቱ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ቆሜ ጀመርኩት፦

«ሰዉ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ልጁ ከዐረብ አገር ስለምትልክለት ቅሬ ናቀ ይልሃል!»

«ልክ ናቸው» አለኝ።

«እንዴት ነው ልክ የሆኑት?»

«የማልረባ ሰው ነኝ፣ አያ። ቢያወጡኝም ልክ ናቸው።»

የማውቀው ወንድሜ ቢሆን በዚህ ጊዜ የዳኛውን አረማመድ እያስመሰለ ያስቀኝ ነበር። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም። «አይዞህ፣ ጠንከር በል፣ ወንድ ሁን፣ ስንት ከአንተ የባሰ አለ» ብዬ አራት ምክር ከምሬ ጫንኩበት፤ ጥሩ ሥራ እንደሠራ ሰውም ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ቀብር ተጠራ። ሱቄን ዘግቼ በረርኩ፤ ወንድሜን ክንዱን ይዤ ከቤቱ አወጣሁት። ሚስቱ «አያ፣ ተዉት» አለች። አልሰማኋትም። መንገዱን ሁሉ እግሩን እየጎተተ መጣ። መቃብሩ ጋ አካፋ ሰጡት። ሁለት ጊዜ ዛቀ። በሦስተኛው አካፋው ከእጁ ወደቀ። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ትንፋሽ አጠረው።

«አያ፣ ልሞት ነው» አለኝ።

ሰዉ ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዱ «ጅኑ ነው!» ይላል። አንዱ «ውሃ ድፉበት!» ይላል። አንዱ ደግሞ ክብሪት ጭሮ ወደ አፍንጫው ይዟል። እኔ የክብሪቱን ሰውዬ ገፍትሬ እጄን ሸሚዙ ውስጥ ከተትኩ። ልቡ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ይመታል። ሰውነቱ የአጥንት ክምር ነው፤ ዓመት ሙሉ እያየሁት ይህን ያህል መክሳቱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለማሾ ያደረግሁትን ለወንድሜ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር።

በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። እስክንደርስ ትንፋሹ ተመለሰ። ልቡን አዩት፤ ደህና ነው አሉ። እንግዲህ ጨጓራ ሊሉን ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ መጨረሻው ክፍል ላኩን። አንዲት ወጣት ነርስ በሩን ዘጋችና ለወንድሜ ወንበር ሰጠችው።

«እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» አለችው።

«መተኛትማ ይተኛል» አልኩ እኔ።

«አባቴ፣ እርስዎን አልጠየቅሁም።»

ገና ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው። «አባቴ» መባሉም አናደደኝ።

«ድሮ ደስ ይልዎት የነበረ ነገር አሁንስ ደስ ይልዎታል?»

«ምን ጎድሎበት ነው ደስ የማይለው! ልጁ እኮ…»

«አባቴ!»

ወንድሜ «ምንም ደስ አይለኝም» አለ። ቀስ እያለች ቀጠለች። ምግቡን ጠየቀችው። ሥራ ሲጀምር ሐሳቡ ይሰበሰብለት እንደሆነ፣ ራሱን ይወቅስ እንደሆነ፣ እንደ ዛሬው ልቡ ሲመታ ስንተኛው እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ከሆነ በቀላል አይታይም አለች። የእሱ ሁለት መኸር አይቷል። ሰው መሀል ሲቆም እንደሚያፍነው ያን ቀን ሰማሁ። ቀብር የቀረው ሰዉን ፈርቶ ነበር። እኛ ደግሞ ናቀን ስንል ከርመናል።

መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መኖር አስጠልቶዎት ያውቃል? ብሞት ይሻለኛል ብለው ያውቃሉ?» አለችው።

«አስተግፊሩላህ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» ብዬ ተነሳሁ። በእጇ አስቀመጠችኝ።

ወንድሜ ወለሉን እያየ ተናገረ። «ሐይቁ ዳር ከብት ሳጠጣ ቆሜ እቀራለሁ። ከብቶቹ ጠጥተው ይሄዳሉ፤ እኔ ውሃውን ሳይ እቀራለሁ። ከዚያ ልጆቹ ትዝ ይሉኛል። እመለሳለሁ።»

ወንበሬን ወደ እሱ ወንበር አስጠጋሁ።

ነርሷ ድባቴ ይባላል አለች፣ ጭንቀትም አብሮት አለ። «እብደት ነው?» አልኳት። አይደለም አለች፤ ብዙ ሰው እንዳለበት፣ አብዛኛውም ራሴን አመመኝ፣ ጨጓራዬ ነው እያለ ከክሊኒክ ክሊኒክ እንደሚዞር ነገረችኝ። መድኃኒት ሰጠችው፤ በየሳምንቱም እየመጣ እንዲያወራት ቀጠረችው። ለጊዜው ብቻውን እንዳይሆን፣ ከብቱንም ሌላ ሰው እንዲያጠጣ አዘዘችን። መድኃኒቱ ሥራ እስኪጀምር ሳምንታት ይፈጃል አለች። እኔ ዛሬ ተገዝቶ ከወር በኋላ የሚበስል ማሾ ብሸጥ ገበያው በድንጋይ ያባርረኝ ነበር፤ ይህንንም ዋጥኩት። ደግሞ «ጠንከር በል አትበሉት» አለች፤ እኔን እያየች። ማን ነገራት?

ከሦስት ቀን በኋላ ሾላው ሥር የእሱ ጉዳይ ተነሳ። በቅሬያችን ሕግ ከቀብር መቅረት የሚፈቀድለት ሦስት ሰው ነው፤ አራስ፣ መንገደኛና አልጋ የያዘ።

«አልጋ ይዟል?» አሉ ዳኛው።

«አልያዘም።»

«ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«ታዲያ ምኑን ነው የታመመው?»

ነርሷ ያለችውን እንዳለችው ተናገርኩ። ድባቴ ስል አንዱ ከኋላ «እሱ ደግሞ አዲስ ገባ?» ብሎ አሳቀ። ተናደድኩ። «እናንተ ጅን ስትሉ የጅኑን መታወቂያ የጠየቀ አለ?» አልኩት። ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ሲሄድ ዳኛው በትራቸውን አነሱ።

«እንቅልፍስ?» አሉኝ።

«ከሱብሂ በፊት ይነቃል። ነቅቶም አይነሳም። ጣራ ያያል።»

ሽማግሌው በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። የዳኛው ትልቁ ልጅ ወደ ሳዑዲ በእግሩ ሲሄድ በረሃ ላይ እንደቀረ የማያውቅ በመካከላችን አልነበረም፤ ግን ማንም አያነሳባቸውም።

«እኔ ያን ጊዜ አንድ ዓመት ጣራ አይቻለሁ» አሉ። «ጨጓራ ነው ብያችሁ ነበር።»

እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው «ታሟል። አይወጣም» ብለው ፈረዱ።

ተገላገልኩ ስል ሌላ ጣጣ መጣ። በቅሬ ሕግ የታመመ አባል ይጠየቃል፤ ያልጠየቀ ይቀጣል። ዳኛው «እንግዲያስ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ሳንጠይቀው ኖረናል፤ ነገ ሁላችንም እንሄዳለን» አሉ።

«የለም!» ብዬ ጮህኩ። «ሰው የሚያፍነው በሽታ ነው እያልኩ አርባ ሰው ቤቱ ላስገባበት?»

«ታዲያ የታመመ ሰው ሳይጠየቅ ይቅር?»

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተከራክሬ አላውቅም። ከአርባ ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ አምስት አወረድኳቸው። በስተመጨረሻ ሁለት ሁለት ሰው፣ ምክር ሳይሰጡ በሚል ተስማማን።

«አይዞህ ማለትም አይቻል?» አለ አንዱ።

«አይቻልም።»

«ታዲያ ገብተን ምን እንሥራ?»

«በቆሎ ፈልፍሉለት። እሱም ከፈለገ ይፈልፍል።»

እንደተባለው ሁለት ሁለት እየሆኑ መጡ። በቆሎው አለቀ። በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ምክር የወጡት ዳኛው ብቻ ናቸው፤ ከወንድሜ ጎን ተቀምጠው ግማሽ ቀን ፈልፍለው፣ ቃል ሳይወጣቸው ሄዱ። ሌላው ግን ምላሱን ይዞ ይቆይና በሩ ላይ ሲደርስ ያመልጠዋል። አንዱ ጫማውን እያደረገ ወደ ወንድሜ ሚስት ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ጨጓራ ቢሆንስ?» አላት። በዘነዘና አለመምታቷ ገረመኝ።

ሳምንታት አለፉ። ወንድሜ ትንሽ ትንሽ መብላት ጀመረ። ልጁ ስትደውልም ስልኩን ይዞ ይቆያል። ከዚያ ቀብር ተጠራ። ልጠራው አልሄድኩም፤ ተምሬያለሁ። ሬሳው ከገባ በኋላ ዞር ስል ቁልቋሉ አጥር ጋ ብቻውን ቆሟል። ሰዉ ሲሳሳ ቀረብ አለ፤ ሦስት ጊዜ አፈር ዘግኖ መለሰና ማንንም ሳያይ ሄደ።

ሾላው ሥር ስም ጠራሁ። የእሱ ደረሰ። መልስ የለም።

«ሄዷል። ዱአ እንኳ አልጠበቀም» አለ ያ ክብሪት የጫረው ሰውዬ። «ቀረ በለው እንጂ ጸሐፊ። ድሮ አታዳላም ነበር።»

ዳኛውን አየሁ። እሳቸው የሾላውን ቅርንጫፍ ያያሉ፤ ያን ያህል የሚታይ ነገር የለውም። «መጥቷል» ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶዬን ጫን አድርጌ።

ስመለስ በወንድሜ ቤት በኩል አለፍኩ። ሚስቱ አጥሩ ሥር ቆማለች፤ ስታየኝ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ከጓሮ የወንድሜ ድምፅ ይሰማል። አህያዋ ማሽላው ውስጥ ገብታለች። ስድቡ የድሮውን አያህልም፤ እናቷን አላነሳም፣ ድምፁም ቶሎ ደከመ። እኔና ሚስቱ ግን ሌባ መስለን አጥር ታክከን እስኪጨርስ ሰማነው።

ከዚያ ወጥቶ አየኝና «አያ፣ ተሽሎኛል መሰለኝ፤ ክኒኑን ልተወው» አለኝ። ነርሷ ቢሻለው እንኳ ገና ወራት ይወስዳል ብላለች። አሁን የምንጨቃጨቀው በዚህ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሱቄን ዘግቼ ቀጠሮው ድረስ አብሬው እሄዳለሁ፤ ነርሷ በሩን ስትዘጋ ውጪ እቀመጣለሁ። አታስገባኝም።